በየትኛው «እኛ» ነው የሄድነው?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የፌሎሺፓችን ልጅ ደወለችልኝ። «በእረፍት ጊዜያችን ለሚሽን ወደ ደሴት ልንሄድ ነው፣ አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ስለነበርኩ «ጌታ ይርዳችሁ፣ ቀላል ልብስ ያዙ» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለልጅቷ ልነግራት የሚገባኝ የልብስ ነገር አልነበረም።

እኔ የሄድኩት ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ ስማር ነው። በፈረንጆቹ ማርች 2015 ፓም የተባለው ሳይክሎን፣ ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ ማለት ነው፣ ቫኑዋቱን መታ። ምድብ 5 ነው፣ ከዚያ በላይ ምድብ የለም። ቫኑዋቱ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 80 ገደማ ደሴቶች ናት፣ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ በደቡብ በኩል ያለችው ታና ነበረች። የኛ ጣና አይደለም፣ ይቺ በ«ታ» ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ ላይ 12 ተማሪዎች ሆነን ሄድን፣ ለሁለት ሳምንት። ጠዋት የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ አሸንዳ እየገጠምን የዝናቡ ውሃ ወደ ሮቶ እንዲገባ ማድረግ፣ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር መዘመር፣ ማታ ጸሎት። ፕሮግራሙ ይኸው ነበር።

ውሃ እዚያ ትልቅ ነገር ነው። ደሴቷ ላይ ያሱር የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፣ አላርፍ ያለ ተራራ ነው፣ አመዱ ነፋስ በወሰደው በኩል ይወርድና ቆርቆሮ ይበላል፣ አትክልት ያቃጥላል፣ ከጣሪያ የሚጠራቀመውን ውሃ ያበላሻል። የመጀመሪያዋ ሌሊት ድምፁን ስሰማ ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት መሪያችን የጆን ፔተንን ታሪክ ነግሮን ነበር። ስኮትላንዳዊ ሚሽነሪ ነው፣ በ1858 ታና ገባ፣ ዓመት ሳይሞላው ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነፍሱን አትርፎ ወጣ። ኋላ አኒዋ በምትባል ጎረቤት ደሴት ጉድጓድ ቆፍሮ የሚጠጣ ውሃ አገኘ። ያንን ሰምተን ስንሄድ እንግዲህ አስቡት፣ እኛም ውሃ ልንሰጥ ነው የምንሄደው። በልባችን ሁላችንም ትንንሽ ፔተኖች ነበርን።

የመጀመሪያው እሁድ ቤተክርስቲያን ቆመን ራሳችንን አስተዋወቅን። መሪያችን «እኛ ከሩቅ መጣን፣ እኛ እንወዳችኋለን፣ እኛ ልናገለግላችሁ ነው የመጣነው» አለ። አንድ ወጣት ወደ ቢስላማ ይተረጉማል። ቢስላማ አገሪቱን የሚያግባባ ቋንቋ ነው፣ ብዙው ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ይገባል። «ሚፋላ» «ሚፋላ» ይላል ልጁ። ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች አንዷ አጠገቤ ነበረች፣ ምን ማለት ነው አልኳት። «እኛ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ በጆሮዬ፣ «የሚሰማውን ሰው ሳይጨምር» አለችኝ።

ቢስላማ ሁለት «እኛ» አለው። «ሚፋላ» ማለት እኛ ነን፣ የምናናግራችሁ ሰዎች ግን የላችሁበትም። «ዩሚ» ማለት ደግሞ እኔም አንተም፣ ሁላችንም አብረን። በአማርኛ «እኛ» ብለን እናልፈዋለን፣ ማን እንደገባ ማን እንደቀረ አይታወቅም። እዚያ ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት መምረጥ ግድ ነው። ልጁ አንድም ቃል አልተሳሳተም። በትክክል ነው የተረጎመን። እኔን ያመመኝም ትክክል መሆኑ ነው።

እና አስቡ፣ በ1980 ነጻ የወጣች አገር ናት፣ አርማዋ ላይ የተጻፈው «ሎንግ ጎድ ዩሚ ስታናፕ» ነው፣ በእግዚአብሔር እንቆማለን። ዩሚ! የሕዝብ መዝሙራቸውም ርዕሱ «ዩሚ፣ ዩሚ፣ ዩሚ» ነው።

ወደ አሸንዳው ልመለስ። በአምስተኛው ቀን ሰቅለን ጨረስን፣ ፎቶ ተነሳን። ከመሃላችን አንድም አናጺ የለም፣ የነርሲንግ፣ የሕግ፣ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ነን። ውሃ ልክ ይዘን አሸንዳውን ቀጥ አድርገን ነበር የሰቀልነው፣ በጣም ቀጥ ያለ፣ ለዓይን ያምራል። የሰፈሩ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ፣ ኤልዳ ነው የሚሏቸው፣ ቆመው አዩት፣ ምንም አላሉም። በማግስቱ ከሰዓት ዝናብ መጣ። ኤልዳ ሁላችንንም ጠሩን። ዝናቡ ውስጥ አብረናቸው ቆምን። ውሃው አሸንዳው መሃል ላይ ተኝቶ ሞላ፣ ከዚያ በጠርዙ ላይ ፈሶ ግድግዳውን ይዞ ወረደ፣ ሮቶው ጋ የደረሰው ጠብታ ብቻ ነው። ለካ አሸንዳ ትንሽ ማዘንበል አለበት። በውሃ ልክ ቀጥ ከሆነማ ውሃው የት ይሄዳል?

ተናደዱብን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። መሰላሉን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና «ባይ ዩሚ ዎኬም ባኬገን» አሉ። እንደገና እንሰራዋለን። ያኔ ነው ጆሮዬ የነቃው፣ ዩሚ ነው ያሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውና ሁለት የሰፈሩ ልጆች ይገጥማሉ፣ እኛ ሚስማር እናቀብላለን፣ መሰላል እንይዛለን። በሁለት ቀን አለቀ።

ማታ እሳት ዳር የፔተንን ታሪክ አነሳሁባቸው። ያውቁታል፣ ያከብሩታልም። ግን «ከሱ በፊት እኮ ሳሞአዎቹ ነበሩ» አሉኝ። ተመልሼ ሳነብ እውነት ነው። በኖቬምበር 1839፣ ፔተን ከመምጣቱ 19 ዓመት በፊት፣ ጆን ዊሊያምስ የሚባል ሚሽነሪ የሳሞአ ሰዎችን አስተማሪ አድርጎ ታና ላይ ተዋቸው። እሱ ወዲያው በኖቬምበር 20 ኤሮማንጎ ደሴት ላይ ተገደለ፣ ስሙም በዓለም ናኘ። ከሳሞአዎቹ ብዙዎቹ በወባ ያለቁት ግን ማን ያስታውሳቸዋል? ደሴተኛ ለደሴተኛ ነው ወንጌሉን ይዞ የመጣው፣ የእንጨት ጀልባ የሚያውቅ፣ ያንኑ ኮኮናት፣ ያንኑ ያም የሚባል ሥር የሚበላ ሰው። ፔተን ራሱ በወባ ታሞ ሊሞት ሲል ያስታመመው አብርሃም የሚባል የአኒቲዩም ደሴት ሰው ነው። ይሄንን ማንም አልነገረንም ነበር፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ በ1861 መርከብ ያመጣው ኩፍኝ እነዚያን ደሴቶች ፈጅቷል። እንግዳ ሁሉ በረከት ብቻ ይዞ አይመጣም።

ከኤሮማንጎ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳነበው ስላስለቀሰኝ። በ2009፣ ከ170 ዓመት በኋላ፣ የዊሊያምስ ዘሮች ወደዚያ ደሴት ሄደው ከገዳዮቹ ዘሮች ጋር በሥርዓት ታረቁ። የጠየቁት ደሴተኞቹ ናቸው፣ ያ ደም በልጆቻቸው ላይ እንዳይቀር ብለው።

እና ለዚያች ልጅ አትሂጂ አልላትም። በፍጹም። እኔ በመሄዴ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን ስራውን ማን ጠየቀው? የ12 ሰው የአውሮፕላን ትኬት ለሰፈሩ አናጺዎች ቢከፈል ስንት ጣሪያ ይወጣው ነበር? ይሄንን ሳትጠይቂ ቲሸርት አታሳትሙ እላታለሁ። ቋንቋውንም አሁኑኑ ጀምሪ፣ ሰላምታውን ብቻ ሳይሆን «እኛ» እንዴት እንደሚባል።

የመጨረሻው እሁድ የምስጋና ቃል እንዳቀርብ ተመርጬ ነበር። በቢስላማ ጻፍኩት፣ ተምሬያለሁ ብዬ ከላይ እስከ ታች «ዩሚ» «ዩሚ» ሞላሁት። ኤልዳ እንዲያርሙልኝ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡና አንዱ ቦታ ላይ ብቻ «ዩሚ»ን ሰርዘው «ሚፋላ» ብለው ጻፉ። «ስታመሰግኑንማ ሚፋላ ነው የምትሉት» አሉኝ። «የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ።»

እንዳረሙልኝ አነበብኩት፣ «ሚፋላ ኢ ዋንቴም ታሌም ታንክዩ ቱማስ ሎንግ ዩፋላ»፣ እኛ እናንተን በጣም ልናመሰግናችሁ እንወዳለን። ወረቀቱ አሁንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ።