የሚጠየቅ ሰው የሌለባት ደሴት

እንደምን አላችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። ከድምፄ ጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ የጅማ ሐምሌ ደግሞ ቀረጻ ላይ ነኝ ብትሉት አይሰማም።

ትናንት ዕቃ የሚያመጣልኝ የባጃጅ ልጅ ደወለ። «እሺ፣ የት ጋ ነሽ?» አለኝ። «መስጊዱን አለፍ በል። ወፍጮ ቤቱ ጋ በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ አለች፣ እሷን ጠይቃት።» ስልኩን ስላልዘጋው ጥያቄውን ሰማሁት፣ መልሱንም። «ኧረ እሷን ነው? አረንጓዴው በር ናት፣ ቅድም ቡና እያጣጠበች ነበር።» ቡና እያጠብኩ እንደነበር እንዴት አወቀች? አትጠይቁኝ። ብቻ ልጁ ወዲያው ከነጭቃው በሬ ላይ ደረሰ።

ማታ መብራት ሲመጣ ቡቬ ስለምትባል ደሴት አነበብኩ። ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ወደ ታች፣ ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ያለች እሳተ ገሞራ ናት። ስፋቷ 49 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዘጠና በመቶ በላዩ በበረዶ ግግር ተሸፍኗል። ለእሷ ቅርብ የሚባለው መሬት አንታርክቲካ ነው፤ እሱም 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደብ የላትም፣ ዙሪያዋ ገደል ነው። የኖርዌይ ናት፣ ነዋሪ ግን የላትም።

እኔን የያዘኝ መጥፋቷ ነው። ቡቬ የተባለ ፈረንሳዊ የመርከብ አዛዥ በፈረንጆች 1739፣ ልክ በአዲስ ዓመታቸው ቀን አያት። ጭጋግ ነበር። መውረድ አልቻለም፣ ደሴት መሆኗንም አላወቀም፤ የአንድ ትልቅ አህጉር ጫፍ መሰለችው። ቦታዋን መዘገበ፣ ግን ተሳሳተ። በዚያ ዘመን መርከበኛ ፀሐይን አይቶ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ደቡብ እንደራቀ ያውቃል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄደ ለማወቅ ግን ባሕር ላይ የማይዛነፍ ሰዓት ያስፈልገዋል። እሱ ገና አልነበረም። ስለዚህ በግምት ጻፈ።

ከዚያ ስመ ጥሩ እንግሊዛዊ መርከበኛ ጄምስ ኩክ ሊፈልጋት ሄደ። ኩክ እኮ ነው! አላገኛትም። ዳግም የታየችው በ1808 ነው። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሬት ጠፋ ማለት ነው።

በ1825 ደግሞ ሌላ መርከበኛ መጣና ከአጠገቧ ሁለተኛ ደሴት አየሁ አለ። ቶምፕሰን ብሎ ሰየማት። በ1898 የጀርመን የምርምር መርከብ የቡቬን ትክክለኛ ቦታ ለካ፣ ቶምፕሰንን ፈልጎ አጣት። ቢሆንም እስከ 1943 ድረስ ካርታ ላይ ቆየች። ምናልባት ፈንድታ ሰጥማ ይሆናል ያሉም አሉ። እኔ ጭጋጉን ነው የምጠረጥረው።

እስቲ ከነገሬ ትንሽ ልውጣና፣ ሳነብ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። ከቡቬ በስተ ምዕራብ፣ ባሕሩ ሥር ሦስት የምድር ቅርፊቶች፣ ማለትም አህጉርና ባሕር የተሸከሙ ግዙፍ የድንጋይ ሰሌዳዎች፣ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ የአፍሪካ፣ የደቡብ አሜሪካና የአንታርክቲካ። ሦስት የሚገናኙበት ሌላ ቦታ ደግሞ እኛው አፋር ነው! ጅማ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ስላለች፣ አሁን የተቀመጥኩበት ቅርፊት አንዱ ጥጉ አፋር፣ አንዱ ጥጉ እዚያ በረዶ አጠገብ ነው። ጫማዬ ላይ የደረቀው ቀይ አፈርም ድሮ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነበር። ቡቬን እንደ ጎረቤት ቆጠርኳት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እዚህ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይሰለቸኛል። የት ሄድሽ፣ ማን መጣ፣ ለምን አመሸሽ። ሰው የሌለበት ቦታ ስንቴ ተመኝቻለሁ! ቡቬ ላይ ግን በቆሎ የሚጠብስ የለም። «ቶምፕሰን የምትባል እዚህ የለችም፣ ተሳስተሃል» የሚል አንድ ሰው ጠፍቶ፣ የሌለች ደሴት ካርታ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረች። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ወሬ እስከ ማታ አይቆይም።

ቆይ፣ ስልክ ነው። ያው የባጃጁ ልጅ። ዛሬም ጠፍቶበታል መሰለኝ... «አቤት? ሴትየዋ የለችም? በዚህ ዝናብ የት ሄደች? በል ቆይ፣ እኔው ልውጣ።»