የቻይንኛው ቃል ቺዪ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

[ምስል፦ ሌሊት፣ ቻይና፣ ዉቻንግ ከተማ፣ የተኩስ ድምፅ]

ኦክቶበር 10፣ 1911 በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ከአንድ ቀን በፊት ከወንዙ ማዶ ሃንኮው ከተማ ውስጥ አብዮተኞች በድብቅ የሚሠሩት ቦምብ ሳይታሰብ ፈነዳባቸው። ፖሊስ ደርሶ የአባላቱን ስም ዝርዝር አገኘ። ዉቻንግ ያሉት ወታደሮች ስማቸው መያዙን ሲያውቁ፣ ተይዞ ከመሞት ብለው ጠመንጃቸውን አለቆቻቸው ላይ አዞሩ።

እንግሊዝኛ የሚማር ቻይናዊ ይህን ሌሊት በቋንቋው ቺዪ ይለዋል። በእንግሊዝኛስ?

ወታደር አለቃው ላይ ሲነሳ ሚውቲኒ ነው። ሲነጋ ከተማዋ በእጃቸው ገባች፤ አፕራይዚንግ ሆነ። ክፍለ ሀገራቱ ቻይናን ይገዛ ከነበረው ከቺንግ ሥርወ መንግሥት ተራ በተራ ተለዩ። ፌብሩዋሪ 12፣ 1912 የ6 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ፑዪ ዙፋኑን ለቀቀ። በቃ፣ ሪቮሉሽን። ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ? ሪቤሊየን ተብሎ ሊቀር ይችል ነበር።

[ምስል፦ ሦስት ቃላት ጎን ለጎን]

ሪቮሉሽን ሥሩ መዞር ነው። ፕላኔት ፀሐይን ስትዞርም ያው ቃል ነው። የቻይንኛው ገሚንግ ጥንት ሰማይ ለንጉሡ የሰጠውን ሹመት መቀየር ማለት ነበር። የኛው አብዮት ከግዕዙ አበየ ነው፦ እምቢ አለ። እኔ የኛውን እመርጣለሁ፤ አድልቼም ይሆናል።

ተማሪውን የሚያስቸግረው ግን ቺዪ ነው። ዪ ማለት ጽድቅ፣ ፍትሕ ነው። ቃሉ ራሱ ተነሺዎቹን ይመርቃል። መዝገበ ቃላቱ አፕራይዚንግ ይለዋል፤ ምርቃቷ ግን መንገድ ላይ ቀረች። ሪቤሊየን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከገዢው አፍ ነው። ቺንግን ለመጣል ከ1850 እስከ 1864 የዘለቀው የታይፒንግ ጦርነት በእንግሊዝኛ መጻሕፍት በአብዛኛው ሪቤሊየን ነው። የቻይና መጻሕፍት ቺዪ ወይም ንቅናቄ ይሉታል። ስለዚህ ተማሪው ከመተርጎሙ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።

የቀሩት የእንግሊዝኛ ቃላት ቀላል ናቸው። ራዮት መስኮት የሚሰበርበት፣ ዕቅድ የሌለው ሁከት ነው። ኩ መፈንቅለ መንግሥት ነው፤ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ፒ አለች፣ እንዳትጠሯት።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሪቤል ሲባል ድምፁ መጀመሪያው ላይ ከበረታ ዐመፀኛው ሰውዬ ነው፤ መጨረሻው ላይ ከበረታ ማመፁ ነው። በቃና ቃል እየለየ ላደገ ቻይናዊ ይህቺ ብዙ የምትከብደው አይመስለኝም።

[ድምፅ፦ ሁለቱ አጠራሮች፣ ሦስት ሦስት ጊዜ]