ሹፌር የማያየው መንገድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከኋላዬ የሚያጉረመርመው ቬንትሌተር ነው። ባጠፋው ላብ ሊገድለኝ ነው፣ ባበራው ማይኩ ውስጥ ይገባል። ድሬ ናት፣ ምን ይደረጋል። አብርቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአጎቴ ጋር መንገድ ወጥተን ነበር። ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ባቢሌ፣ ከባቢሌ አለፍ ብሎ የዳካታ ሸለቆ። ጋሼ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የጅጅጋን መስመር ሠላሳ ዓመት ተመላልሶበታል፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። የጓደኛዬን ቪትዝ ተውሼ ሄድኩና «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ልንዳህ» አልኩት።

«ከብት ነኝ እንዴ የምትነዳኝ?» አለኝ። (አንተ ማለቴን የታዘባችሁ ካላችሁ፣ እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም። አቦ፣ ተዉን።)

ከከተማ እንደወጣን የደንገጎ ዳገት ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሐረር ስትደርስ ከ1,800 በላይ ሆነሃል። ሙቀቱ በየኩርባው ይቀንሳል፣ ጆሮ ይደፈናል። ጋሼ መጀመሪያ ላይ እጅግ አስቸጋሪ ተሳፋሪ ነበር። ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። «ማርሽ ቀንስ፣ ማርሽ!» ይለኛል። ከዚያ በድንገት ዝም አለ።

ቀጥሎ «ያ ምንድነው?» አለኝ።

ከመንገዱ ጠርዝ ዝንጀሮዎች ተቀምጠዋል። ወንዶቹ ነጭ ካባ የደረቡ ይመስላሉ። «ዝንጀሮ ነዋ! ሠላሳ ዓመት አላየሃቸውም?»

«እነሱንማ አውቃቸዋለሁ። ከኋላቸው ያለውን ነው የምልህ።»

ከኋላቸው ገደሉ ነው። ከገደሉ ማዶ ተራራ በተራራ ላይ ተደርቦ እስከ ድሬ ሜዳ ይወርዳል። ጋሼ ይህንን አይቶት አያውቅም። «ሹፌር የሚያየው አስፋልትና የፊተኛውን መኪና ጎማ ነው» አለኝ። ሃያ ቶን ጭነህ ተራራ ብታይ፣ ተራራው ውስጥ ነው የምትገኘው።

ሐረማያን ግን ያውቀዋል። ሐይቁ ሙሉ በነበረ ጊዜ ዳር ቆሞ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ውሃው ለከተማና ለጫት ማሳ ሲሳብ፣ አፈርም ሲሞላው፣ ደረቀ። አሁን ውሃ መልሶ ይዟል። ጋሼ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እስኪያልፍ አየው። አወዳይ የጫቱ ግርግር አስቆመን። ሐረር ገብተን አደርን፤ ስለ ጀጎል ዛሬ አላወራም፣ እሱ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል።

በማግስቱ ዝሆን ፍለጋ። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች እንደ ወቅቱ ይዘዋወራሉ። ጋሼን ጉልበቱ ስለሚያመው ከቪትዟ ጋር ከዛፍ ጥላ ሥር ትቼ፣ ከስካውት፣ ከመጠለያው ጠባቂ፣ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል በእሾህ መሐል ተጓዝኩ። ዝሆን የለም። ያገኘሁት ፋንድያ ነው።

አትሳቁ። ቁጢጥ ብዬ በእንጨት በታተንኩት። ጭድ የመሰለ ቃጫ፣ ያልተፈጨ ቅርፊት፣ የበለስ ቁልቋል ፍሬዎች ጠንከር ጠንከር ያሉ። ዝሆን ከሚበላው ግማሹን እንኳ በቅጡ አይፈጭም፤ የቀረው እንዳለ ይወጣል። ከአንዱ ክምር ጎን ትንሽ ቁልቋል በቅላለች። ያ ሁሉ እሾህ ያለበትን ነገር እንዴት እንደሚበሉት እስካሁን አልገባኝም።

ባዶ እጄን ስመለስ ጋሼ ሳቀብኝ። ባቢሌ ላይ በጣሳ ለውዝ ገዛንና ወደ ዳካታ ቀጠልን።

ዳካታ ዋናው ነገር ነው። መንገዱ ሸለቆው ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኙ ድንጋይ ይሆናል። አንዱ በአንዱ ላይ የተቆለለ፣ አንዳንዱ ከታች ቀጭን፣ ከላይ ደግሞ ቤት የሚያህል። ሰው ያቆማቸው ሐውልቶች ይመስላሉ፤ ግን ግራናይት ናቸው። ከመሬት ሥር እያሉ ውሃ በስንጥቃቸው ገብቶ ማዕዘናቸውን በላው። ከዚያ አፈሩ ሲታጠብ ክብ ክቡ ድንጋይ ብቻውን ቀረ።

መኪናውን አቆምኩ። ጋሼ ወርዶ አንዱን ድንጋይ በመዳፉ ነካው። «ይህች አንገቷ የቀጠነችው» አለ፣ «በመስታወት ትታየኝ ነበር። እሷን ካለፍኩ ባቢሌ ደረስኩ እላለሁ። ቆሜ አላውቅም።» ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ሽኮኮ ቁጭ ብሎ ያየናል። ይህች ጥንቸል የምታህል ፍጥረት የዝሆን የቅርብ ዘመድ ናት፤ ሳይንሱ እንዲህ ነው የሚለው። «ዝሆኑን ብታጣው ዘመዱን አገኘህ» አለኝ። ለውዙን እየፈለፈልን እዚያው አንድ ሰዓት ተቀመጥን።

ስንመለስ ደንገጎ ላይ መሸብን። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል «አቁም» አለኝ። «ውረድ፣ በዚህ በኩል ግባ።» ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። መሪውን ያዘ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋ፣ በሁለተኛ ማርሽ ለቀቃት። ፍሬኑን ብዙም አልነካውም።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮት አየሁ። ድሬ ከታች በመብራት ተዘርግታለች፤ መሐሏ ላይ የደቻቱ ወንዝ አሸዋው እንደ ጥቁር መቀነት ይታያል።

«ምን ይታያል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳይነቅል።

«መብራት።»

«የት የት?»

እየጠቆምኩ ነገርኩት። ሳቢያን፣ ከዚራ፣ መጋላ።