የፍራፍሬ ዝንብ ትል ብርሃንን እንዴት ይሸሻል?

ሰላም ሰላም! ፒያሳ ጁስ ቤት ስትገቡ የማንጎ ልጣጭ ላይ የሚያንዣብቡትን ትንንሽ ዝንቦች አይታችኋል አይደል? ዛሬ ስለ ልጆቻቸው ነው የምናወራው፣ ስለ ትሎቹ። (የሚጠየፍ ካለ ጁሱን ጨርሶ ይመለስ።)

ትሉ ብርሃን አይወድም። ሥራው ምግቡ ውስጥ ተቀብሮ መብላት ነው። ውጭ ከቆየ ይደርቃል፣ ጠላትም አለበት። ግን ጨለማው በየት በኩል እንዳለ በምን ያውቃል?

እስቲ በእኩለ ቀን ከስታዲየም ወደ ለገሃር እየሄዳችሁ ነው እንበል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ዓይናችሁን ጨፍኑ። (በሐሳብ ነው ያልኩት፣ መኪና እንዳይገጫችሁ!) ትንሽ ትራመዳላችሁ። በተጨፈነው ዓይናችሁ በኩል የሚሰማችሁ ብርሃን ከቅድሙ ባሰ ወይስ ቀለለ? ከባሰ ትቆማላችሁ፣ አንገታችሁን ወደ ግራ ሰደድ፣ ወደ ቀኝ ሰደድ፣ ከዚያ ጥላ ወዳለበት ዞራችሁ ጉዞ። አሁንም ካልተሻለ እንደገና ቆም፣ ግራ፣ ቀኝ። ትሉም በቃ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው! ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፣ ይመርጣል። ሽታ ሲከተልም እንዲሁ ነው፣ ብቻ እዚያ ላይ የሚፈልገው ሽታው የሚጨምርበትን አቅጣጫ ነው።

የውስጡን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። ነርቭ ሴል ማለት መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሴል ነው። ጭንቅላቱ ላይ በግራም በቀኝም 12 ገደማ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉት፣ የቦልዊግ አካል ይባላሉ። ሽታ የሚቀበሉ ነርቭ ሴሎች ደግሞ በየጎኑ 21። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአንጎሉ ካርታ (የትኛው ሴል ከየትኛው እንደሚገናኝ የሚያሳይ) 3,016 ነርቭ ሴሎች አሉት። ሽታው ሲጠራው ብርሃኑ ሲያባርረው፣ ሁለቱን የሚያመዛዝነው በዚህችው ትንሽ አንጎል ነው።

ኮሜንት ላይ ግን "ሙቀቱን እንጂ ብርሃኑን አይደለም የሚሸሸው" የምትሉ በዝታችኋል። እሺ፣ ሙቀት ሲበዛም ይሸሻል። ግን ተመራማሪዎች ትሉን የሚቀርጹት ብዙ ጊዜ በቀይ ወይም በኢንፍራሬድ (የእኛም ዓይን በማያየው) ብርሃን ነው፣ ምክንያቱም ትሉ ይሄን ብርሃን ስለማያየው ጨለማ ነው ብሎ ዘና ብሎ ይሄዳል። ሰማያዊ ሲበራበት ነው ሽሽቱ፣ ስለዚህ ብርሃኑን ራሱንም ይሸሻል ማለት ነው። እኔን ያስገረመኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ነው፦ የቦልዊግ አካሉን አጥፍተውበት እንኳ ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ሸሸ! ለካ ቆዳው ሥር መላ አካሉን የሸፈኑ ነርቮች ሰማያዊና አልትራቫዮሌት (የእኛ ዓይን የማያየው ሌላ ዓይነት) ብርሃን ይለያሉ። ሕመም የሚሰሙትም እነሱው ናቸው። ጥገኛ ተርብ (እንቁላሏን ትሉ ውስጥ የምትጥል) ስትወጋው ተጠቅልሎ የሚንከባለለው በነሱ ነው፣ መንከባለሉን በሚቀጥለው ቪዲዮ በዝግታ አሳያችኋለሁ።