ሽማግሌ የበዛባት ኩዌት

ጃንዋሪ 1900። ቀኑን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በየመሃሉ ሰባት ስምንት እየቀነስኩ አላደክማችሁም።

አንድ የጀርመን ቆንስል ጀነራል ከኢስታንቡል ተነስቶ ኩዌት ገባ። ሽቴምሪክ ይባላል። ከኋላው ዶይቸ ባንክ አለ። ባግዳድ ድረስ ሊዘረጋ የታሰበ የባቡር ሐዲድም አለ። ሐዲዱ ግን ባግዳድ ላይ ቢቆም ምን ዋጋ አለው? ባሕር መድረስ አለበት። ለዚህ ዓይን የተጣለባት ቦታ ደግሞ ከኩዌት ከተማ ብዙም የማትርቀው ካዚማ ናት። ሽቴምሪክ ለሼህ ሙባረክ ነገሩን አቀረበ፤ ለጣቢያው የሚሆን መሬት ስጠን፣ እንከፍላለን።

ሙባረክ አይሆንም አለ።

ጀርመንን የሚያህል አገር ገንዘብ ይዞ ደጁ ቆሞ፣ አይሆንም! ለምን? ሽቴምሪክ የማያውቀው ነገር ነበር። ከዓመት በፊት ሙባረክ ሌላ ወረቀት ፈርሟል። በድብቅ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ወረቀት ነው። ኩዌት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ብያለሁ። ሱቅ ሙባረኪያ ትሄዱ የለ? ሙባረክ ማለት ይሄ ሰውዬ ነው። ሹዋይክ የምትሠሩም ቆዩ፣ እሷም ትመጣለች። አዲስ የገባችሁ ደግሞ ሰብስክራይብ አድርጉና ተቀመጡ።

አንድ ነገር ከአእምሯችሁ አውጡልኝ፤ ነዳጅ። ነዳጅ የለም! ቡርጋን ላይ ነዳጅ የተገኘው በ1938 ነው። በዚያን ጊዜ ኩዌት ማለት ዕንቁ ጠላቂ፣ ጀልባ ሠሪና ነጋዴ ማለት ነው። ከተማዋ የጭቃ ቤት ናት። ያላት ሀብት አንድ ነው፤ መርከብ የሚያስጠጋ ጥሩ ወደብ።

ሙባረክ እንዴት ሼህ ሆነ? በሜይ 1896 በአንድ ሌሊት ሁለት ወንድሞቹ ተገደሉ፤ ገዢው መሐመድና ጃራህ። በአባት ወንድሞቹ ናቸው። ጠዋት ሙባረክ ሼህ ነው። በቃ። የሟቾቹ ልጆች ባስራ ሸሹ፤ ዩሱፍ አል ኢብራሂም የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ አስጠግቷቸው ለኦቶማን መንግሥት፣ ለቱርክ ማለት ነው፣ አቤት ማለት ጀመሩ። ስለዚህ ሙባረክ ቱርክን ይፈራል። ግን ደግሞ ከቱርክ ጋር መቆራረጥ አይችልም፤ ምክንያቱም የቤተሰቡ የቴምር እርሻ ያለው ከባስራ በታች ፋው ላይ ነው፣ ፋው ደግሞ በቱርክ እጅ ነው። ይቺን የቴምር እርሻ ያዙልኝ።

አሁን ወደምወዳት ምሳሌ። ባለፈው አንድ ተመልካች «ምሳሌ ስታበዛ ትምህርቱ ያልቃል» ብሎኛል። ገብቶኛል፣ ግን ይቺን አልተዋትም።

ሽማግሌ ሲላክ ታውቃላችሁ። ሦስት አራት የተከበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ግቡ ሲባሉ ይገባሉ። ተቀመጡ ሲባሉ ግን አይቀመጡም፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። በስንት ልመና ይቀመጣሉ። ከዚያ «ልጅዎን ለልጃችን» ይመጣል። አባት ደግሞ ልቡ ቢፈልግም ቶሎ እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ ይላል። ደጅ ማስጠናት ክብር ነው።

እሺ። አንዲት ልጅ አስቡ። አጎቷ «አሳዳጊዋ እኔ ነኝ» ይላል። እሷ «ራሴን ችያለሁ» ትላለች፤ ግን በዓል ሲመጣ አጎቷ ቤት ትሄዳለች፣ የሰጣትን ስጦታም አትመልስም። ከሩቅ ሽማግሌ ይላክባት ጀመር። አንዱ ከሰሜን፣ ሌላው ከምዕራብ። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ባለጸጋ ጎረምሳ አለ። እሱ ሽማግሌ አልላከም። ከአጎቷ ጋር ሌላ ጉዳይ አለው፣ መጣላት አይፈልግም። ሊያገባትም አልቸኮለም። ግን ሌላ ሰው እንዲያገባትም አይፈልግም! ይሄን ጎረምሳ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማታ በጓሮ በር መጣና እንዲህ አላት፤ «አገባሻለሁ አልልሽም። አንቺ ግን ሳታማክሪኝ የማንንም ሽማግሌ ቤትሽ እንዳታስገቢ። ለማንም እንዳትናገሪ። ይኸው፣ ለልብስ ትሁንሽ።»

ቀለበት የለም። ቀን አልተቆረጠም። ልጅቷም እሺ አለች።

ሞኝ ናት? አይደለችም። አጎቷ አንድ ቀን ጎትቶ ሊወስዳት ቢመጣ ይሄ ጎረምሳ ዝም ብሎ እንደማያይ አውቃለች። ቃል ስለገባ አይደለም፤ የራሱ ጥቅም ስለተነካ ነው። ሙባረክ ያሰበው ይሄንን ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ሙባረክን ኃያላን የሚቀባበሉት ኳስ ያደርገዋል። ለእኔ ተጫዋች ነው።

አጎት ቱርክ ነው፣ ጎረምሳው እንግሊዝ። የምዕራቡ ሽማግሌ ሽቴምሪክ ነው። የሰሜኑ ደግሞ ሩሲያዊው ካውንት ካፕኒስት፤ በ1898 ያኔ በሶሪያ ሥር ከነበረችው፣ ዛሬ ሊባኖስ ካለችው ትሪፖሊ እስከ ኩዌት ባቡር ልዘርጋ ብሎ የቱርኩን ሱልጣን ሲጠይቅ ነበር። እንግሊዝ በ1897 ሙባረክ ራሱ ጥበቃ ሲለምናት ዘወር ብላ ነበር። የካፕኒስትን ወሬ ስትሰማ ግን ነቃች።

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1899። ለእንግሊዝ የፈረመው ኮሎኔል ሚድ ነው፤ ፋርስ ውስጥ ቡሼር የሚቀመጠው የባሕረ ሰላጤው ሬዚደንት፣ የእንግሊዝ ዋና ወኪል ማለት ነው። ሙባረክ ለራሱና ለወራሾቹ ሁለት ግዴታ ገባ። ያለ እንግሊዝ ፈቃድ የማንንም አገር ወኪል አይቀበልም። ያለ እንግሊዝ ፈቃድ መሬት አይሸጥም፣ አያከራይም፣ በዋስትና አያሲዝም። ዋጋው 15,000 ሩፒ፤ ያኔ ወደ 1,000 ፓውንድ። ጥበቃ የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። አብሮ የተሰጠው ደብዳቤ የሚለው ቃልህን እስከጠበቅክ ድረስ እንግሊዝ በበጎ ታይሃለች ነው። በበጎ! በመርከብ አላለም።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ እንግሊዝ አንድ አፍ የላትም። ቡሼር ያለው ሬዚደንት አለቃው በእንግሊዝ ሥር ያለው የሕንድ መንግሥት ነው። እዚያ ደግሞ ሎርድ ከርዘን አዲስ እንደራሴ ሆኖ ገብቷል፤ ለእሱ ባሕረ ሰላጤው የሕንድ በር ነው። ኢስታንቡል ያለው አምባሳደር ግን ሱልጣኑን አታስቀይሙብኝ ባይ ነው። ባስራ ያለው ቆንስል ሪፖርቱን ለዚህኛው ይልካል። አንድ ባንዲራ፣ ሁለት ፖሊሲ። ሙባረክ ይሄን በደንብ ያውቅበታል።

በ1901 ነገሩ ተፈተነ። ማርች ላይ ሙባረክ በዓረቢያ መሃል የሃኢል ገዢ የነበረውን ኢብን ራሺድን ሊወጋ በረሃ ገብቶ ሳሪፍ ላይ ክፉኛ ተሸነፈ። ቱርክ አሁን ነው ጊዜው አለች። ኦገስት ላይ ዙሃፍ የተባለ የጦር መርከቧ ኩዌት ደረሰ። እዚያ ግን ፐርሲየስ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ቆሞ ጠበቀው። ወታደር አታወርድም ተባለ። ዙሃፍ ተመለሰ። ጎረምሳው በረንዳ ላይ ወጣ ማለት ነው። ሴፕቴምበር ላይ ሁለቱ ተስማሙ፤ ቱርክ ጦር አትልክም፣ እንግሊዝም ኩዌት የእኔ ጥገኛ ናት ብላ አታውጅም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የሩሲያው ቫርያግም ብቅ አለ። አዎ፣ በኋላ ከጃፓን ጋር ተዋግቶ የሰጠመው ቫርያግ።

እዚህ ላይ ልቁም። ስለ ኩዌት ባወራሁ ቁጥር አንድ አስተያየት አይጠፋም፤ «ኩዌት እኮ የኢራቅ ነበረች፣ እንግሊዝ ናት የቆረጠቻት»። እንነጋገርበት።

በ1899 ኢራቅ የሚባል መንግሥት የለም። ባግዳድ፣ ባስራና ሞሱል የሚባሉ ሦስት የኦቶማን ግዛቶች ነበሩ። ኢራቅ በመንግሥትነት የቆመችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፋይሰል የነገሠው በ1921። ስለዚህ ከሌለ ነገር ላይ አይቆረጥም። «እሺ፣ የባስራ ነበረች» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በቱርክ መዝገብ እንደዚያ ናት። የኩዌት ሼህ በ1871 የባግዳዱ የቱርክ ገዢ ሚድሃት ፓሻ ከኩዌት በታች አል ሃሳ የሚባለውን አገር ሲይዝ ጀልባ አቅርቦ ካይማካም፣ የወረዳ ገዢ፣ የሚል የቱርክ ማዕረግ ተቀብሏል። ሙባረክም በ1897 ይሄንኑ ማዕረግ ፈልጎ አግኝቷል። የኩዌት ጀልባዎች የቱርክ ባንዲራ ያውለበልቡ ነበር። ይሄን መካድ አይቻልም። ግን ቱርክ ኩዌት ውስጥ ግብር አልሰበሰበችም፣ ጦርም አላሰፈረችም። ማዕረግ ሌላ፣ መግዛት ሌላ።

ለባግዳዶች ግን አንድ ነገር ልስጣቸው፣ ፍትሕ ነው። በጁላይ 1913 እንግሊዝና ቱርክ ስምምነት ፈረሙ። እዚያ ላይ ኩዌት የኦቶማን ግዛት አካል የሆነች፣ ራሷን የምታስተዳድር ወረዳ ተብላለች። እንግሊዝ ናት የፈረመችው! ሙባረክ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡ። ስምምነቱ ሳይጸድቅ ጦርነት መጣና ወረቀት ሆኖ ቀረ። የኢራቅ መሪዎች ቃሲም በ1961፣ ሳዳም በ1990 ኩዌት የእኛ ናት ብለው ያነሱት ክርክር መነሻው እነዚህ የቱርክ ጊዜ ወረቀቶች ናቸው። በመሃል ግን ባግዳድ ራሷ በ1963 ኩዌትን በይፋ አውቃታለች። ኮሜንት ስትጽፉ ይቺንም ጨምሩ።

ወደ ሙባረክ። ኖቬምበር 1903 ላይ ከርዘን ራሱ በጦር መርከብ ታጅቦ መጣ። ሙባረክ ለዚህ እንግዳ ብሎ ከቦምቤይ ባለፈረስ ሠረገላ አስመጣ። ጎማ ባልለመደች ከተማ! በሚቀጥለው ዓመት ካፒቴን ኖክስ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ወኪል ሆኖ ኩዌት ተቀመጠ። ቱርክ ጮኸች። በ1907 ደግሞ እንግሊዝ ሹዋይክ ላይ መሬት ተከራየች፤ ሌላ እንዳይከራየው ማለት ነው። ኪራዩ በዓመት 60,000 ሩፒ። በ1899 ስንት ነበር? 15,000፣ ያውም አንዴ። ሰውዬው ዋጋ ያውቃል።

ኖቬምበር 3 ቀን 1914። ቱርክ ከጀርመን ጎን ሆና ጦርነት ገብታለች። እንግሊዝ ለሙባረክ ጻፈች፤ ባስራን ለመያዝ አግዘን፣ ኩዌት በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያለች ነፃ መንግሥት ናት እንላለን። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልተባለው ቃል በመጨረሻ ተባለ። የቴምር እርሻዋን ያዛችሁልኝ? እሷም ደብዳቤው ላይ አለች። ከፋው እስከ ቁርና ያሉት የቴምር እርሻዎችህ የአንተና የልጆችህ ናቸው፣ ግብርም አይከፈልባቸውም ይላል። የዓለም ጦርነት እየነደደ የቴምር ግብር!

ሙባረክ በዓመቱ፣ ኖቬምበር 1915 ላይ ሞተ። ኢራቅ ስትቋቋም እርሻዎቹ እሷ ውስጥ ቀሩ፤ ልጆቹም ስለዚያ ግብርና ባለቤትነት ከባግዳድ ጋር ለዓመታት ተካሰሱ። በ1922 ደግሞ ጠባቂዋ እንግሊዝ ዑቀይር ላይ ድንበር ስታሰምር የኩዌትን መሬት ትልቁን ክፍል በኋላ ሳውዲ ዓረቢያን ለመሠረተው ለኢብን ሳውድ ሰጠችው። ሼሁ እዚያ አልነበረም። የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱ ነው፣ ደወሏን ንኩ።