ቄስም መነኩሴም ያልነበሩ ካቶሊካውያን ሳይንቲስቶች

(ምስል፦ የስልክ ቻርጀር ጀርባ፣ በቅርበት)

የስልካችሁን ቻርጀር ገልብጡና እዩት። ከቁጥሮቹ ጎን ቮልትና አምፒርን የሚያመለክቱ ፊደላት አሉ። መለኪያዎቹ በሁለት ሰዎች ስም የተሰየሙ ናቸው። አንዱ ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ፣ ሌላው ፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር ነው። ሁለቱም ካቶሊክ ነበሩ፤ ግን ቄስም መነኩሴም አይደሉም። ትዳር የመሠረቱ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ በማስተማር የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው።

ስለ ቤተ ክርስቲያንና ሳይንስ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ በቤተ ክርስቲያን የተፈረደበት የጋሊሊዮ ጉዳይ ነው። መልስ ለመስጠት ደግሞ ካህናቱ ይጠራሉ፤ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ሜንዴል፣ የቢግ ባንግን ሐሳብ ያመነጨው ቄስ ለሜትር። ምእመናኑን ግን ዘለናቸው እናልፋለን። ይህ ቅር ይለኛል። እምነትና ምርምር በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ በደንብ የሚታየው እነሱ ላይ ነውና።

(ምስል፦ የቦሎኛ ከተማ፣ ከዚያ የእንቁራሪት እግር ሥዕል)

ከቦሎኛ እንጀምር። ዓመቶቹን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሉዊጂ ጋልቫኒ የአናቶሚ፣ ማለትም የሰውነት አካላት ጥናት፣ መምህር ነው። ሳይመነኩሱ በዓለም የሚኖሩ ምእመናን ከሚገቡበት ከፍራንቸስካውያን ሦስተኛ ማኅበር ጋር የተቆራኘ፣ ጸሎተኛ ሰው። የሞተች እንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ ብድግ እያለ ሲንቀጠቀጥ አየ። ለዓመታት ሞከረው። በ1791 ውጤቱን አሳተመ፤ ኤሌክትሪኩ ያለው እንስሳው ውስጥ ነው አለ።

ቮልታ ጽሑፉን አንብቦ መጀመሪያ ተደነቀ። ሙከራውን ራሱ ሲደግመው ግን ጥርጣሬ ገባው። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከእንቁራሪቷ ሳይሆን ከሚነካኩት ሁለት የተለያዩ ብረቶች ነው ብሎ ተከራከረ። ለማረጋገጥም እንቁራሪቷን ጨርሶ አወጣት። የዚንክና የብር ክቦችን እያፈራረቀ ደረደረ። በመሃላቸው በጨው ውሃ የተነከረ ነገር አስገባ። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ፈሰሰ! በመጋቢት 1800 ግኝቱን ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አሳወቀ። የመጀመሪያው ባትሪ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጸሎተ ሃይማኖት ይደግማሉ። በእንቁራሪቷ እግር ላይ ግን አልተስማሙም፤ እምነታቸውም መልሱን አልነገራቸውም። በመካከላቸው ዳኛ የሆነው ሙከራ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ጋልቫኒም ከእውነት እንዳልራቀ ታወቀ፤ ነርቮቻችን በእርግጥ በኤሌክትሪክ ይሠራሉ።

በፖለቲካውም መንገዳቸው ተለያየ። ናፖሊዮን ያቋቋመው አዲስ መንግሥት መምህራኑን ቃለ መሐላ ሲጠይቅ ጋልቫኒ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ እምቢ አለ። ሥራውንም ደሞዙንም አጣ። በ1798 ሞተ፤ ባትሪውን አላየም። ቮልታ ግን በ1801 ፓሪስ ሄዶ ለናፖሊዮን ሙከራውን አሳየ፣ ተሸለመም።

(ምስል፦ ፓሪስ)

አምፔር ሌላ ታሪክ ነው። አባቱ በ1793፣ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ አንገቱ ተቀላ። ልጁ ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ቆይቶ ሚስቱንም በሞት አጣ። እምነቱ የተናወጠበት ጊዜ ነበር፤ ተመልሶም ጸና። በ1820 የኤሌክትሪክ ፍሰት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ ሲሰማ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፍሰት ያለባቸው ሁለት ሽቦዎችም እርስ በርስ እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ አሳየ።

ማሪያ ጋኤታና አኜዚን ብዙዎቻችን አናውቃትም። የሚላኗ አኜዚ በ1748 ካልኩለስን፣ ማለትም የለውጥን መጠን የሚያሰላውን የሒሳብ ዘርፍ፣ ለተማሪዎች በሥርዓት የሚያስረዳ ባለሁለት ቅጽ የሒሳብ መጽሐፍ አወጣች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ እንድታስተምር ሾሟት። እሷ ግን አልሄደችም። አባቷ ከሞተ በኋላ ቀሪ ሕይወቷን ለድሆችና ለሕሙማን ሰጠች። መነኩሲት አልሆነችም፤ ሒሳቡን ትታ ድሆቹን መረጠች። ሳይንስ ተጎዳ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ምርጫዋን አከብረዋለሁ።

(ምስል፦ የፓሪሱ ኔከር ሆስፒታል)

ኔከር ሆስፒታል ውስጥ በ1816 ካቶሊኩ ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ልቧን የምትታመም ወጣት ሴት መጣችለት። ጆሮውን ደረቷ ላይ ማስጠጋት ነውር ስለመሰለው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጣት። ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማው። ሐኪሞች ልብና ሳንባ የሚያዳምጡበት ስቴቶስኮፕ የተወለደው እንዲህ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላው ካቶሊክ ሐኪም ዤሮም ሌዠን በዚያው ሆስፒታል ሕፃናትን ያክም ነበር። በ1959 ባልደረቦቹና እሱ ከልደት ጀምሮ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገየው ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች በ46 ፈንታ 47 ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃን የሚሸከሙ ክሮች) እንዳላቸው አሳተሙ። ለጥናቱ ሴሎቹን በቤተ ሙከራ ያሳደገችው ሐኪሟ ማርት ጎቲዬ ናት። ድርሻዋ በአግባቡ እንዳልታወቀላት በኋላ በይፋ ተናግራለች፤ ሌዠንን ስናመሰግን እሷን መርሳት የለብንም።

ግኝቱ ሕፃናቱን ከመወለዳቸው በፊት ለይቶ ለማስወረድ ሲያገለግል ሌዠን በአደባባይ ተቃወመ። ወዳጅም አጣበት። ልጆቹን ማከሙን ግን አላቋረጠም።