ቀይ ማስታወቂያ ከመላኩ በፊት
(ሰንዳፋ ላይ ለወረዳ ወንጀል መርማሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መርማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ተጠርጣሪው ሞያሌን ወይም መተማን ሲሻገር መዝገቡ ከእጃችሁ የወጣ ይመስላችኋል። አልወጣም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያመለጠ አንድ የሰው አዘዋዋሪ፣ ኢትዮጵያም ኔዘርላንድስም በኢንተርፖል በኩል ቀይ ማስታወቂያ፣ ማለትም ተፈላጊው ተገኝቶ እንዲያዝ ለአባል አገሮች የሚተላለፍ ጥያቄ፣ አስወጥተውበት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ተይዟል። ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል 196 አባል አገሮች አሉት፤ ለእነዚህ ሁሉ የሚደርሰው መረጃ ግን የሚነሣው ከጣቢያችሁ ቅጽ ነው።

ቀይ ማስታወቂያ የእስር ማዘዣ አይደለም። ማዘዣው የእኛው ፍርድ ቤት የሰጠው ነው፤ ሰውየው የተገኘበት አገር ይያዘው አይያዘው የሚወስነው በራሱ ሕግ ነው። ለክስ የሚፈለግ ከሆነ የወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት ቢያንስ 2 ዓመት እስራት መሆን አለበት። ፖለቲካዊ፣ ወታደራዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም የዘር ባሕርይ ያለው ጉዳይ በድርጅቱ ሕገ ደንብ አንቀጽ 3 የተከለከለ ነው። «ከባድ የማታለል ወንጀል ፈጽሟል» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ መቼ፣ የት፣ በማን ላይ፣ እንዴት የሚለው ከሌለ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ያለው የኢንተርፖል ዋና ጽሕፈት ቤት አያሳልፈውም።

የሄደበት አገር ከታወቀ ማስታወቂያው እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለው የኢንተርፖል ብሔራዊ ማዕከላዊ ቢሮ ዲፊዩዥን የሚባለውን የትብብር ጥያቄ መልእክት በቀጥታ ለዚያ አገር መላክ ይችላል።

አብዛኛው ስሕተት ያለው ግን ስምና ልደት ላይ ነው። ፀጋዬን በላቲን ፊደል አንዱ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ፣ ሦስተኛው በዜድ። ፓስፖርት ካለው ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ ሌሎቹን አጻጻፎችና የሰፈር ቅጽል ስሙን በተለዋጭ ስም ቦታ ጨምሩ። የአያት ስም አትዝለሉ።

የልደት ቀን ላይ «8 ዓመት ጨምር» የሚባል የቢሮ ብልሃት አለ። ይህ አደገኛ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 የሚጨመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ጥር 10 ቀን 1980 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 1988 ነው የተወለደው። ቀንና ወሩም አብረው ይቀየራሉ፤ ዓመቱን ብቻ የቀየረ ሰው ሌላ ሰው ፈጥሯል። ዓመቱ ብቻ ከታወቀ ደግሞ ሁለቱንም የፈረንጅ ዓመታት ጻፉ፤ መስከረም 1 ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ስምና ልደት ቢሳሳቱ የሚያድነው አሻራ ነው። ዐሥሩም ጣት ከጥፍር ጠርዝ እስከ ጥፍር ጠርዝ ይንከባለል፤ ቀለም ሲበዛ መስመሮቹ ይዋጣሉ። ካርዱን በስልክ አንሥታችሁ በቴሌግራም አትላኩ፣ ምስሉ ተጨምቆ ይበላሻል። በኢንች 500 ነጥብ ስካን ይደረግ።

ሰውየው ሲያዝ ሥራው አላበቃም። አሳልፎ የመስጠት ጥያቄው ከነማስረጃው በቀነ ገደቡ ካልደረሰ ያ አገር ይፈታዋል፤ ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ክሱ ከተቋረጠም በዚያው ቀን ለቢሮው አሳውቁ፤ አለዚያ ነፃ የሆነ ሰው አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል።

አሁን ጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን የመለማመጃ ቅጽ ክፈቱ። ልደቱ ጳጉሜን 3 ነው፤ ማሽኑ 13ኛ ወር አያውቅም። ከእሱ እንጀምር።